መስቀል በድንጋይ ላይ፡ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የሚኖር የአበው ምስክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ወርዶ በጉማራ ወንዝ አካባቢ ወደሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውኃ ለፈውስ የሚጓዝ ምእመን፣ በመንገዱ ላይ የሚያያቸውን አብያተ ክርስቲያናት ከሩቁ በዛፋቸው ይለያቸዋል። ቀርቦም ከቅጽሩ በር ሲደርስ ያማትባል፤ ደጃፉን ይሳለማል። ከንፈሩ የሚነካው ብዙ ጊዜ እንጨት ወይም ድንጋይ ነው። ያን ድንጋይ ማን እንዳኖረው፣ በላዩ የተቀረጸ ምልክት ቢኖር ምን እንደሚናገር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ በድንጋይ ላይ ስለሚቀረጸው መስቀል እንመለከታለን። ድንጋይ በመጽሐፍ ቅዱስ የምስክርነት ምልክት እንዴት እንደሆነ፣ ሌሎች ክርስቲያን ሕዝቦች በመካከለኛው ዘመን በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ መስቀል እንዴት ያቆሙ እንደነበር፣ በአገራችን ከአክሱም እስከ ላሊበላ ትውፊቱ በምን መልክ እንደመጣ፣ በደቡብ ጎንደር ደጋማ አጥቢያዎችም ዛሬ ምን ሊጠበቅ እንደሚገባው በቅደም ተከተል እናያለን።

ድንጋይ ምስክር ሲሆን

ድንጋይ ለምስክርነት መቆሙ በሕገ ልቡና ዘመን የጀመረ ነው። ያዕቆብ ወደ ካራን ሲሄድ ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ፣ የሰማይን መሰላል በሕልሙ ካየ በኋላ ሐውልት አድርጎ አቆመው፤ ዘይትም አፈሰሰበት፤ ስፍራውንም የእግዚአብሔር ቤት አለው (ዘፍ. 28፥10-22)። ሊቃውንት ይህን የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አድርገው ይተረጉሙታል። ዛሬም አዲስ ቤተ ክርስቲያን በሊቀ ጳጳስ ሲባረክ ቅብዐ ሜሮን በመስቀል ምልክት መቀባቱ ያዕቆብ በቤቴል ያደረገውን ያስታውሰናል።

ኢያሱም እስራኤልን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አውጥቶ በጌልጌላ አቆመ። ምክንያቱንም ራሱ ነገራቸው። በሚመጣው ዘመን ልጆች እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው ብለው አባቶቻቸውን ይጠይቃሉ፤ አባቶችም እግዚአብሔር ያደረገውን ይነግሯቸዋል (ኢያ. 4፥1-24)። በዕድሜው ፍጻሜም በሴኬም ታላቅ ድንጋይ አቁሞ ለቃል ኪዳኑ ምስክር አደረገው (ኢያ. 24፥26-27)። ነቢዩ ሳሙኤል ደግሞ እግዚአብሔር ሕዝቡን በረዳበት ቦታ ድንጋይ አኑሮ የረድኤት ድንጋይ ብሎ ጠራው (1ኛ ሳሙ. 7፥12)።

ከእነዚህ ምንባባት አንድ ነገር እንማራለን። የምስክር ድንጋይ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ እነርሱም በቦታው የሚቆይ ድንጋይና ልጅ ሲጠይቅ የሚመልስ አባት ናቸው። ድንጋዩ ጠፍቶ ታሪኩ ብቻ ቢቀር ልጁ የሚጠይቅበት ምክንያት ያጣል። ድንጋዩ ኖሮ የሚመልስ ቢታጣ ደግሞ ተራ ድንጋይ ይሆናል። በሐዲስ ኪዳን ይህ የምስክር ድንጋይ የጌታችንን የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የመስቀሉን ምልክት ተቀበለ። ቅዱስ ጳውሎስ ከመስቀሉ በቀር ሌላ ትምክህት የለኝም ብሎ ያስተማረውን (ገላ. 6፥14) ክርስቲያኖች በአፋቸው ብቻ ሳይሆን በድንጋይም ላይ ጻፉት።

በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ

በሃይማኖት እኅታችን በሆነችው በአርመን ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ መስቀል ታላቅ ስፍራ አለው። አርመኖች ካችካር ይሉታል፤ ትርጉሙም በቀጥታ የመስቀል ድንጋይ ማለት ነው። ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠራቢዎቻቸው ሰው የሚያህል ወይም ከሰው የሚበልጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቁመው፣ በፊቱ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥርም የሚያቆጠቁጥ ቅጠልና ሐረግ ይቀርጻሉ። መስቀሉ የሞት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ዛፍ መሆኑን የሚያስተምሩበት መንገድ ነው። በመቃብር ራስጌ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በዐጸዱ ይቆማል። በሴቫን ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በኖራቱስ መካነ መቃብር እነዚህ ድንጋዮች በብዙ መቶ ይቈጠራሉ። የካችካር ሥራ ጥበብም በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

በአየርላንድ ደሴትም መነኮሳት በገዳማቸው ዐጸድ ረጃጅም የድንጋይ መስቀሎችን ያቆሙ ነበር። ከእነዚህ የታወቀው በሞናስተርቦይስ የሚገኘው የሙሬዳክ መስቀል ከ5 ሜትር በላይ ቁመት አለው። በአንድ ፊቱ ስቅለተ ክርስቶስ፣ በሌላው ዳግም ምጽአቱ ተቀርጿል፤ የአዳምና የሔዋን ታሪክም ከሥራው መካከል ይገኛል። መጽሐፍ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ በመስቀሉ ዙሪያ ቆሞ ትምህርተ ሃይማኖትን በዐይኑ ይማር ነበር።

በእንግሊዝ አገርም በመካከለኛው ዘመን በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ የድንጋይ መስቀል ማቆም የተለመደ ነበር። በሆሣዕና ዕለት ምእመናን ዘንባባቸውን ይዘው በዐጸዱ ሲዞሩ ከመስቀሉ ሥር ቆመው ይጸልዩ ነበር። ነገር ግን በተሐድሶው ዘመን ይህ እንደ ባዕድ አምልኮ ተቈጠረ። የአገሪቱም ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1643 መስቀሎች እንዲፈርሱ ደነገገ። ዛሬ በብዙ አጥቢያዎች የሚታየው ደረጃውና እግሩ ብቻ ነው፤ የመስቀሉ ራስ የለም።

ሌላ የሚያሳዝን ምሳሌም አለ። በናኪቼቫን፣ በጁጋ በነበረው ጥንታዊ የአርመን መካነ መቃብር በሺሕ የሚቈጠሩ የመስቀል ድንጋዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2005፣ በእኛ አቈጣጠር 1998 ዓ.ም.፣ በመዶሻ ሲሰባበሩ ከወንዙ ማዶ የነበሩ ሰዎች በተንቀሳቃሽ ምስል ቀርጸዋቸዋል። ስለ ብዙዎቹ ድንጋዮች ዛሬ የሚመሰክረው ቀደም ብሎ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ይህን ነገር ወደ ፍጻሜው እናነሣዋለንና አንባቢ ልብ ይበልልን።

በአገራችን፡ ከአክሱም እስከ ላሊበላ

በኢትዮጵያ መስቀል በጽኑ ነገር ላይ መቀረጹ ከክርስትናችን ብሔራዊ ሃይማኖትነት ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትምህርት ካመነ በኋላ፣ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት ትቶ መስቀልን አደረገ። በገንዘባቸው ላይ መስቀልን ካኖሩ የዓለም ነገሥታት መካከልም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ከገንዘቡ ወደ ድንጋዩ ስንመጣ፣ በአክሱም ከተማ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ የአፄ ካሌብና የልጁ የአፄ ገብረ መስቀል መቃብር ተብሎ የሚታወቀውን ሕንፃ እናገኛለን። ታላላቅ ጥርብ ድንጋዮች ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተገጣጥመው ከምድር በታች የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። በገብረ መስቀል መቃብር ካሉት የድንጋይ ሣጥኖች በአንዱ ላይ መስቀል በጎላ ቅርጽ ይታያል። መቃብሩን የመስቀል ምልክት ያተመው፣ በዚያ ያረፈው የትንሣኤን ተስፋ ይዞ እንዳረፈ ለመናገር ነው።

በቅዱስ ላሊበላ ዘመን፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ13ኛው መጀመሪያ፣ ይህ ጥበብ ከፍጻሜው ደረሰ። የአርመን ጠራቢ መስቀሉን በድንጋይ ላይ ቀረጸ፤ የላስታ ጠራቢ ግን ድንጋዩን ራሱን መስቀል አደረገው። ቤተ ጊዮርጊስ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ነው፤ ቁመቱም 12 ሜትር ገደማ ይሆናል። በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሆኑ ሦስት መስቀሎች ተቀርጸዋል። ከላይ ቆሞ ወደ ጉድጓዱ የሚመለከት ተሳላሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እነዚህን ነው። በቤተ ማርያም ግድግዳ ያሉት መስኮቶች በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ ተፈልፍለዋል፤ ብርሃን ወደ ቤተ መቅደሱ የሚገባው በመስቀል በኩል ነው። በዚያው በቤተ ማርያም ዐጸድ ሰሜናዊ ግድግዳ ውስጥም በመስቀል ስም የተሰየመ ቤተ መስቀል የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ብቻውን የቆመ የድንጋይ መስቀልም በላሊበላ አለ። ዮርዳኖስ ተብሎ በሚጠራው ፈፋ ውስጥ ከወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ የቆመ መስቀል ይገኛል። ስፍራው የጌታችንን ጥምቀት የሚያስታውስ ነው። አስቀድመን ያነሣነውን የኢያሱን ታሪክ ያስታወሰ ሰው የዚህን መስቀል ምሥጢር ይረዳል። በዮርዳኖስ መካከል ለምስክር የተወሰደው ድንጋይ፣ በላሊበላ ዮርዳኖስ መካከል መስቀል ሆኖ ቆሟል። በጥምቀት ወደዚያ የሚወርድ ልጅ ይህ ድንጋይ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ ዘንድ የተተከለ ነው።

ይህም ሆኖ በአገራችን አጥቢያዎች፣ እንደ አርመን ወይም እንደ አየርላንድ፣ በዐጸዱ መካከል ብቻውን የቆመ ረጅም የድንጋይ መስቀል የተለመደ አይደለም። ይህ ስለ መስቀል ክብር ማነስ አይደለም። በእኛ ሥርዓት መስቀል በካህኑ እጅ ነው፤ በጉልላቱ ጫፍ ነው፤ በምእመኑ አንገት ነው፤ በመስከረም 16 በደመራው ላይ ነው። መጾሪያውን መስቀል ዲያቆኑ ተሸክሞት ይዞራል። ስለዚህ በዐጸዱ መካከል በአንድ ቦታ ከሚተከል ይልቅ፣ በሕንፃው አካል ውስጥ በበሩ፣ በመስኮቱ፣ በማዕዘኑና በመቃብሩ ላይ ታትሞ የሚኖር ሆነ። ይህን ማወቅ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም በእኛ አገር የድንጋይ መስቀልን የሚፈልግ ሰው ዐይኑን በዐጸዱ መካከል ሳይሆን በግድግዳው ላይ ማሳረፍ ይገባዋልና።

በደቡብ ጎንደር ደጋ

ከላስታ ወደ ምዕራብ ተሻግረን ወደ ጋይንት፣ ወደ ፋርጣና ወደ ደራ ስንመጣ የድንጋዩ ጠባይ ይለወጣል። የላሊበላ ቀይ ዐለት ለመሮ የሚታዘዝ ለስላሳ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ግን ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ነው። በዚህ ድንጋይ ላይ ረቂቅ ሐረግ መቅረጽ እጅግ አድካሚ ነው፤ ለካብ፣ ለመሠረትና ለግድግዳ ግን ተስማሚ ነው። የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናትም በአብዛኛው ክብ ሆነው በድንጋይና በእንጨት የተሠሩ፣ ቀድሞ ሣር ክዳን የነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው።

ነገር ግን ክብ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ከመጀመሪያው ክብ ነበር ማለት አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ለዚህ ታላቅ ምሳሌ ናት። ቤተ ልሔም በሊቃውንት ዘንድ የድጓ ምስክር ጉባኤ ቤት በመሆኗ የታወቀች ናት፤ የድጓ መምህር በዚያ ተመስክሮለት ይመለሳል። ከውጭ ለሚያያት ክብ ሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ትመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በክቡ ክዳን ሥር በጥርብ ድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ ታሪኩንም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ለካህናቱና ለአካባቢው ምእመናን ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ በየዕለቱ የሚቀድሱበት ቤት ነውና።

ከቤተ ልሔም የምንማረው ይህን ነው። በኋላ ዘመን የመጡት አባቶች የቀደሙትን ሥራ አላፈረሱም። አዲሱን ክዳን በአሮጌው ላይ አለበሱት፤ አሮጌውም በአዲሱ ጥላ ሥር ተጠብቆ ኖረ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአህመድ ግራኝ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተቃጠሉባት አገር፣ የተረፈውን ድንጋይ ማክበር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አባቶች ያውቁ ነበር።

በእነዚህ አጥቢያዎች ዐጸድ ሌሎችም የሚናገሩ ድንጋዮች አሉ። በጣና ገዳማትና በአካባቢው፣ ከእንጨት ላይ ተንጠልጥለው ሲመቱ እንደ ብረት የሚጮኹ ጠፍጣፋ የድንጋይ ደወሎች ዛሬም ይገኛሉ። በደጀ ሰላሙ አጠገብ ካህናት የሚያርፉባቸው፣ በቤተ ልሔሙ ማለትም ኅብስቱና ወይኑ በሚዘጋጅበት ቤት ዘንድ የሚገኙ፣ በመካነ መቃብሩ ራስጌ የቆሙ ድንጋዮች ሁሉ የየራሳቸው አገልግሎት አላቸው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የመስቀል ምልክት ቢገኝ፣ የአንድ ስሙ ያልተጻፈ አገልጋይ ጸሎት ነው።

ዐጸዱን የከበበው ደንም ከዚህ አይለይም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ መዝግበዋል። ዙሪያው ታርሶና ተግጦ ሳለ ዛፉ የተረፈው በዐጸዱ ቅድስና ነው። ድንጋዩንም ያተረፈው ይኸው ቅድስና ነው። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ አጥቢያዎች ደኑን ከከብት ለመጠበቅ ምእመናን ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በዙሪያው ካብ ክበዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ለካብ የሚሰበሰበውን ድንጋይ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ መሮ የነካው ድንጋይ ከመስክ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ እንዳይቀበር።

ድንጋዩን እናመልካለንን?

አንዳንዶች ለመስቀል የምናደርገውን አክብሮት አይተው ለድንጋይና ለብረት ትሰግዳላችሁ ይሉናል። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግልጽ ነው። የአምልኮ ስግደት ለልዑል እግዚአብሔር ብቻ ነው። ለመስቀል የምናቀርበው የጸጋና የአክብሮት ስግደት ሲሆን፣ ክብሩም በላዩ ለተሰቀለው ለክርስቶስ ነው። ያዕቆብ ዘይት ያፈሰሰበትን ድንጋይ አላመለከም፤ በዚያ የተገለጸለትን አምላክ አመለከ እንጂ። የተቀረጸው መስቀል ከድንጋይ፣ ከእንጨት ወይም ከወርቅ ቢሆን በክብሩ ልዩነት የለውም። ስለዚህ የወርቁን መስቀል በዕቃ ቤት ቈልፈን የድንጋዩን በዝናብና በእግር ሥር ልንተወው አይገባም።

በዚህ ረገድ የጥንት ሥርዓት የሚያስተምረን አለ። የኤፌሶን ጉባኤ የተደረገበት ዘመን ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ እ.ኤ.አ. በ427 ባወጣው ሕግ፣ የመስቀል ምልክት በመሬት ላይ ወይም በሚረገጥ ድንጋይና እብነ በረድ ላይ እንዳይቀረጽና እንዳይሣል ከልክሏል። የተከበረው ምልክት በእግር እንዳይረገጥ ነው። መስቀል የተቀረጸበትን አሮጌ ድንጋይ ለደረጃ፣ ለወለል ንጣፍ ወይም ለመንገድ ማዋል ተገቢ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያሰጋን ምንድን ነው?

ዛሬ በብዙ አጥቢያዎች አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሲሚንቶና በብረት አዲስ ሕንፃ ይሠራል። የምእመናን ቍጥር ጨምሯል፤ አሮጌው ቤት ጠቧል፤ ጣሪያው ያፈሳል። ለእግዚአብሔር ቤት መትጋት በረከት ነው። ነገር ግን በማፍረሱ ወቅት፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የብዙ መቶ ዓመት ድንጋይ ከቦታው ይነሣል። ጥርብ ድንጋዩ ለአዲሱ መሠረት ሙሌት ይሆናል፤ ወይም ከቅጽሩ ውጭ ይከመርና ለሌላ ሥራ ይወሰዳል። በክፋት የሚሆን አይደለም፤ የሚመለከተው ሰው ባለመኖሩ ነው። በጁጋ ድንጋዩን ያጠፋው መዶሻ ነበር፤ በእኛ አጥቢያ ግን የገዛ ትጋታችን ሊያጠፋው ይችላል።

ስርቆትም ሌላው ሥጋት ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ባሕር ተሻግሮ ከአንድ የቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቷል፤ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስ የተደረገው ደስታ የሚረሳ አይደለም። እንዲመለስ ያስቻለው ግን የታወቀ በመሆኑ ነው፤ መልኩ ይታወቃል፤ ፎቶግራፉ አለ። ፎቶግራፍ የሌለው፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ድንጋይ ቢጠፋ የእኛ ነው ብሎ የሚከራከርለት አይገኝም።

ከእኛ የሚጠበቀው

በቃለ ዓዋዲ መሠረት የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ቅርስ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። የአገሪቱ ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ጥገናና እድሳት ያለ ፈቃድ እንዳይደረግበት፣ በድንገት የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዝዛል። ከዚህ በመነሣት በየአጥቢያው ሊደረግ የሚችለውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. ከማፍረስ በፊት ማየት። አሮጌ ሕንፃ ከመነካቱ በፊት አስተዳዳሪው፣ የሰበካ ጉባኤው አባላትና የአካባቢው ሽማግሌዎች በጠዋት ወይም በማታ ፀሐይ ግድግዳውን ይዙሩ። ያረጀ ቅርጽ በቀጥታ ብርሃን አይታይም፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ግን ጥላው ያወጣዋል።

2. ሳያነሡ መመዝገብ። ምልክት ያለበት ድንጋይ ሲገኝ በነበረበት ቦታ እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሣ። ርዝመቱና ስፋቱ ይለካ፤ በየትኛው ግድግዳ፣ ወደየት ዞሮ እንደነበር ይጻፍ። ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል።

3. አለመፋቅና አለመቀባት። በድንጋዩ ላይ ያለውን ሽበት በብረት ብሩሽ መፋቅ፣ ቅርጹ እንዲታይ ቀለም፣ ኖራ ወይም ዘይት መቀባት፣ የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ መድፈን ጉዳቱ የከፋ ነው። ሲሚንቶ እርጥበትን አምቆ ይይዛል፤ ለስላሳ ድንጋይ ውሎ አድሮ ከሥሩ ይፈረፈራል። ጥገና የሚያስፈልገው ቢሆን ባለሙያ ይጠየቅ።

4. በዐጸዱ ውስጥ ማኖር። ወደ ቦታው መመለስ ካልተቻለ በአዲሱ ሕንፃ ግድግዳ ላይ፣ እግር በማይደርስበትና ዝናብ በማይመታው ስፍራ ይግባ፤ ወይም በዕቃ ቤት ይቀመጥ። አባቶች በቤተ ልሔም እንዳደረጉት አሮጌው በአዲሱ ጥላ ሥር ይኑር።

5. ማሳወቅ። ለወረዳ ቤተ ክህነቱና ለሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ ይነገር፤ በንብረት መዝገቡም ይስፈር። የመዝገቡ ግልባጭ ከአጥቢያው ውጭም ይቀመጥ፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ።

6. ማስተማር። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሕፃናቱን በዐጸዱ አዙረው ያሳዩአቸው። የሚታወቀውን ይንገሩአቸው። የደብሩን ታሪክ ከሚያውቁ አረጋውያን የሚሰማውም በጊዜው ይጻፍ።

በመጨረሻ የተጠቀሰው ከሁሉ ይልቃል። ሌላው ሁሉ ድንጋዩን ያቆየዋል፤ ይህ ግን ምስክርነቱን ያቆየዋል። ኢያሱ በጌልጌላ ድንጋዮቹን ያቆመው ሰዎች አይተው እንዲያደንቁ ብቻ አልነበረም፤ ልጆች እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነበር። በወንዛዬ መንገድም ሆነ በደብረ ታቦር፣ በጋይንትም ሆነ ከአገር ውጭ ባሉ አጥቢያዎች፣ ነገ አንድ ሕፃን የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳልሞ ይህ ምልክት ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀናል። ያን ጊዜ የምናሳየው ድንጋይ፣ የምንመልሰውም ቃል እንዳይታጣን፣ አባቶቻችን ያኖሩልንን ምስክር እናክብር፤ እንጠብቅ።

የመስቀሉ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።